ቂል አቋም

መጽሐፉ የጀርመን፣ ስድስት መቶ ዓመት፣
ያሳተምኩት እኔ፣ ብቸና ኮፒ ቤት፤
ቀለሙ ደክሞበት ግማሽ ፊት የሌለው
ባለጎራዴ ሰው አራት አቋም አለው።

አንዱ ስሙ “በሬ”፦ ስለቱ እንደ ቀንድ፣
ሁለተኛው “ሞፈር”፣ ከወገብ የሚሄድ፤
“ጣራ” ከራስ በላይ። አራተኛው “ቂል” ነው፣
ጫፉን መሬት ጥሎ ዝም ብሎ የቆመው።
መዝገበ ቃላት ይዤ ሌት ስፈታታቸው
ጎጃሜ መሰሉኝ ስም ያወጡላቸው።

ሰይፌ አምና የአጎቴ የያዛቸው ሞፈር፣
ከአናጢው ልየው እጅ ሳይገባ ነበር፤
ደወል ተደውሎ ተማሪው ሲበተን
ከባሕር ዛፉ ጋር ስንፋለም አየን።
“በሬና ሞፈር” ስል ሳቀብኝ ያዛቸው፣
“ቀንበሩስ? ጅራፉስ? ጀርመኑ ረሳቸው?”

ከጣራ ወረድኩኝ፣ ትከሻውን ልነካ፤
የዱላው ጫፍ መሬት፣ ጠብቆኛል ለካ።
ኳ አለ አንጓዬ ላይ። ሰይፌ ሣር ወደቀ፤
እሱ እንደ ቅድሙ ነው፣ ጋቢው አልወለቀ።

“ማን አስተማረህ?” ስል አልመለሰም ለኔ፤
“ለእርፍ ይበቃል” አለ፣ “መጥቶ የለም ሰኔ?”
ሰይፌን ይዞት ሄደ። ወረቀቱ ቀርቷል፣
አራተኛው ገጽ ላይ ጭቃ ነክቶበታል።