ገጽ ስድሳ አንድ

እኔ ፖስተኛ ነኝ፤ በጀልባ እዞራለሁ፤
ከቺሎዌ ወዲያ ለትንንሾቹ ደሴቶች ደብዳቤ አደርሳለሁ፤
የመብራት ሂሳብ፣ የጡረታ ገንዘብ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፤
ምርጫ ሲመጣ ደግሞ የእጩ መግለጫ፣ ለምድጃ ማቀጣጠያ።

ከፍቶ ያነበበ የለም። አንዲት ሴት ብቻ አለች፤
ኤዱቪና ካርካሞ፣ መረብ ጠጋኟ፣ መነጽሯን በናይሎን ክር ያሰረች።
ፖስታውን በቢላ ቀደደችው፣ እንደ ዓሣ ሆድ፤
መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። ሽፋኑ ላይ ሰውዬው ይስቃል፣ ክንዱን አጣጥፎ፣ ብቻውን በመንገድ።
«መልኩንማ አየሁት» አለች፤ «ጥርሱ ሙሉ ነው፤
ለእኔ ያልታየኝ ከጥርሱ ኋላ ያለው ነው።»

አገሩን ልንገርህ፦ ዙሪያው ባሕር ነው፣ ሰማዩ አያባራም፤
የሚጠጣ ግን የለም። ጉድጓዱ ከነጠፈ አራት ክረምት፣ ጠብ አላለም።
ሐሙስ ሐሙስ ቦቴ በመርከብ ይሻገራል፤
ባልዲ ይሰለፋል፣ ጎረቤት ይኳረፋል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ በሄድኩ ቁጥር፣
እርሳሷን እየላሰች አገኛታለሁ፣ ቃል ስትቆጥር።
«ተስፋ» ሰባ ጊዜ፣ «ታላቅ» አርባ ሦስት፤
«ውሃ» ግን አራቴ፤ ከአራቱም አንዷ ለምሳሌ ናት፦
‹ሕዝባችን ውሃ ነው፣ ግድብ አያግደውም።›
«እኛ ውሃው ከሆንን፣ ማን ሊጠጣን ነው?» አለች፤ አልሳቀችም።

ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ስትደርስ እርሳሷ ቆመ፤
‹ለገጠር ውሃ ተገቢው ትኩረት ይሰጣል› ይላል፤ ነጥብ ተደረገበት፣ ታተመ።
«ይሰጣል? ሰጪው ማነው? መቼ? በስንት ፔሶ?»
«ይህ ግሥ» አለቻት ኔልባ፣ የትምህርት ቤቱ መምህርት፣
«ባለቤት የለውም።»
«እንግዲያው እንደኔው ነው፤ ብቻውን ያድራል»
አለች፣ ባሏ ባሕር ላይ የቀረባት።

እጩው የመጣ ቀን እኔው ነኝ ያሻገርኩት፤
ከደብዳቤው ከረጢት ጎን፣ ደረቁ ቦታ ላይ ያስቀመጥኩት።
አኮርዲዮን ተነፋ፣ ድንች ተቀቀለ። ሊሳንድሮ ኤቻሬን ሕፃን ታቀፈ፤
ስለ ባሕሩ፣ ስለ አባቱ፣ ስለ ተስፋ ለፈፈ።

ኤዱቪና ተነሣች። በአንድ እጇ መጽሐፉ፣
በሌላው ብርጭቆ፤ ውስጡ የቦቴው ውሃ፣ ቢጫ።
«ገጽ ስድሳ አንድ ላይ ያለው ግሥ
ባለቤቱ ማነው?»

ፈገግ አለ። ብርጭቆውን ተቀበላት፤
ለእሱ ያመጣችው መስሎት
ጨለጠው።
ጭብጨባው ጣሪያ ነካ።
እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ ልዋሽህ አልፈልግም።
እሷ ግን ባዶ ብርጭቆዋን ይዛ ተቀመጠች።
«ውሃማ በሬም ይጠጣል» አለች፤
«ጥያቄዬን አብሮ ዋጠው።»

ስንመለስ መሸ። ካሜራ የያዙት በትልቁ ጀልባ ቀድመውናል።
እሱ ከረጢቱን ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«እዚያ ገጽ ላይ ምንድነው ያልኩት?» አለኝ።
ነገርኩት።
ጥቂት ቆየና፣ «ስድሳ ሁለት ላይስ?»
መሪውን ጠበቅ አደረግኩ።
የእኔ መግለጫ ማክሰኞ ዕለት ነው ምድጃ የገባው፤
ደህና አድርጎ ነዷል፣ ወረቀቱ ጥሩ ነበር።
«እኔም አላነበብኩት» አልኩት።
ማዕበሉ ጎናችንን ይመታል።
ሁለታችንም እግራችንን አየን።

ሐሙስ፣ ከቦቴው ጋር ተሻግሬ በሯን አንኳኳሁ።
«መጽሐፉን አውሺኝ።»
ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመት
ደብዳቤ ያመላለስኩላትን ሰው፣ እንደ አዲስ።
«እርሳስ አለህ?»
የለኝም።
የራሷን ጉልበቷ ላይ ሰበረችና
ግማሹን ሰጠችኝ።