ስድስት ፊደልና አንዲት ጥምዝ

ሙጋድ፣ ከልብስ ሰፊው ጎን፣ አንድ በር ናት ሱቄ፤
ጉም ከጦሳ ሲወርድ አምፖሌን አድምቄ
የጡረተኛ ስም እጽፋለሁ፣
ከነአባት፣ ከነአያት፣
እናቱ ከደጅ ስትጣራ እንደምትስበው፣ ሳልቆርጥበት።

አዲሱ ኮምፒውተሬ ሆደ ሰፊ ነው፣
ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ድረስ ምንም አይመስለው፤
የጥያቄ ምልክት ብቻ አያስገባም፤
«ማነህ?» ተብሎ ስም የለም፣ ደግ አደረገ።

የእህቴ ልጅ እንድሪስ የጫነው ሌላኛው ግን ጥርጣሬ ያበዛል፤
የፈረንጁን ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደ ባዳ ለያይቶ ያያል፤
የኛዋን አንዲት ፊደል የሦስት ሰው ቦታ ያስከፍላል።
«ሐሰን»፣ «ሀሰን»፣ «ኀሰን» ብዬ ባስገባ
ሦስት ሰው ቆጠረልኝ፤
እናታቸው አንድ መሆኗን ማን ይንገርልኝ?

ኮምቦልቻ ደግሞ፣ ፋብሪካው ደሞዝ ክፍል፣
እኔን በዕድሜ የሚበልጥ ሽማግሌ ማሽን አለ፤
ፊደላችንን ሲያይ ሳጥን ሳጥን ይደረድራል፤
በላቲን ብጽፍለትም ከስምንት ወዲያ መቁጠር አልለመደም።
ስለዚህ ዲስኬቴን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ
ሐረጎን ስወርድ፣
ጆሮዬ ሲደፈን፣ ሚኒባሱ ሲታጠፍ፣
አብሮኝ ይታጠፋል ስሙ፤
ስድስት ፊደል ይቀርለታል ከነሕመሙ፣
ከዚያ አንዲት ጥምዝ፣ ራሷን ሐረጎን የመሰለች፣
ከዚያ ቁጥር።

አብዱልቃድር ይማም ታች ሲደርስ፦ አብዱልቅ፣ ጥምዝ፣ አንድ።
አብዱልቃዩም አደምስ? አብዱልቅ፣ ጥምዝ፣ ሁለት።
ይመርና ሰይድ እንደተሳፈሩ ወረዱ፤
አጭር ስም ገደል አይፈራም።

ቁጥሩ የሰውየው አይደለም፤ የሰልፉ ነው።
አንድ ሰኞ፣ ገበያው ሲንጫጫ፣ ዲስኬቷ ተበላሸች፤
እንደገና ስገለብጥ
የኋላው ፊት መጣ፣ የፊቱ ኋላ ሄደ፣
የአብዱልቃድር ውዝፍ በአብዱልቃዩም ስም ወረደ።

በሳምንቱ ሁለቱም በሬ ላይ ቆሙ፣
ሊካሰሱ መጥተው፣ አንድ ጃንጥላ ሥር።
ሃያ ስድስት ዓመት በአንድ የሽመና ማሽን፣
አንዱ በቀን፣ አንዱ በሌሊት፤
መልክ ለመልክ አይተዋወቁም ነበር።
ቃዩም የቃድርን ጣት አየና
«የተበጠሰ ክር ወደ ግራ የምትቋጥረው አንተ ነህ?» አለው።
«ነኝ።»
«እሱን ስፈታ ነው ያረጀሁት።»
ገንዘቡ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆጠረ፤
ሃያ ብር ጎደለ፣ ማንም አላነሳው።

ፋይሎቻቸውን አንዱን «ቀን»፣ ሌላውን «ሌሊት» አልኳቸው፤
በማግሥቱ ሐረጎን ሳይታጠፉ ወረዱ።

ሽማግሌው ማሽን ግን የድሮውን አልለቀቀም።
አብዱልቅ፣ ጥምዝ፣ ሁለት
እስከ ዛሬ ከዝርዝሩ ግርጌ አለ።
ከፈትኩት፤ ባዶ ነው።
ላጠፋው እጄን ሰደድኩና
የትኛው እንደነበር ጠፋኝ።