በሳሙና የተጻፈ

ቅዳሜ ከሰዓት ፍሊንትን በረዶ ውጧት፣
የኦርቪልን ጸጉር ቤት ሙግት አስጨንቋት፣
አራቱ ወንበሮች አራት ችሎት ናቸው፤
ዳኛውም ግማሽ ጺሙ ገና ያልተላጨው።
በመስታወቱ ላይ በሳሙና ስባሪ
ዐሥር ስም ተጽፏል፣ ለዘለዓለም ኗሪ፤
(ዘለዓለም ማለትም እዚህ ቤት ሲሰላ
ሰባት ቀን ነው በቃ፤ ይመጣል ደግሞ ሌላ።)

እኔ የኦርቪል ልጅ፣ የጸጉር ጠራጊዋ፣
የመስታወት አጣቢ፣ የስም ሁሉ አጥፊዋ፣
መጥረጊያ ይዤ ቆሜ እሰማለሁ ሁሉን፣
ማን ማንን እንዳነገሠ፣ ማን እንደጣለ ማንን።

«ስንት ቀለበት አለው?» ይላል ታልማጅ ቀድሞ፣
ከአረፋው ውስጥ ወጥቶ አንድ ጣቱን አቁሞ።
«ነጥቡንም ተወኝ፣ ውበቱንም ተወኝ፤
ዋንጫ ያላነሣ እጅ፣ እጅ ነው አትበለኝ።»

«ዋንጫ የቡድን ነው!» ሩፈስ ይመልሳል፣
«ሰው ብቻውን ሠርግ እንዴት ይደግሳል?
አራት ሰው ተሸክሞ ያሻገረውን ሰው
ዋናተኛ ብሎ ማነው የሚያወድሰው?»

«የድሮዎቹማ የገጠሙት ቧንቧ ጠጋኝ ነበር!»
«የድሮዎቹማ ያበጠ ጉልበት በጨርቅ አስረው ነበር
የሚሮጡት!»

ሟቹን ከሕያው ጋር ሜዳ ያወርዱታል፣
ባላዩት ዘመን ላይ ፊሽካ ይነፉበታል፤
ሃያ ዓመት የሞላውን ያንን የጥንት ጀግና
ካረጀው ከራሱ ጋር ያፎካክሩትና
ሁለቴ ተሸንፎ ይወጣል።

አንድ ስም ግን አለ፣ ክሊዮፈስ ዋርድሎ፣
የሚገባ የሚወጣ፣ ዐሥረኛው ላይ ውሎ።
ዐሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ ዞር ብሎ ሳያያት፣
ኳሷን ባልንጀራው እጅ ላይ ሲያኖራት፣
ሰውን ሁሉ ሲቀልብ ዕድሜውን ጨረሰ፤
ቀለበት ግን ለርሱ አንድም አልደረሰ።
ያች የመጨረሻዋ፣ ከእጁ የተላከች፣
የብረቱን ቀለበት ዞራ ዞራ ወጣች፤
የወርቁንም ቀለበት ይዛበት ጠፋች።
አንዲት ጣት ወደ ግራ ብታዘነብል ኖሮ
ያው ሰው፣ በዚያው እጁ፣ አንደኛ ተቆጥሮ!
አሁን ግን ታልማጅ ሲጠራው ስሙን አለስልሶ
«ታላቅ ነበር፣ ግን…» ይላል፤ ያቺን «ግን» አስከትሎ።

አንድ ቅዳሜ ሆሊስ ገባ፣ ከጉበኑ በታች ጎንብሶ፣
አራት ቀለበት ያለው፣ የታጠበ ካፖርት ለብሶ።
አንዱን አውልቆ ከማበጠሪያው ጎን አኖረው፤
ቤቱ ዝም አለ፤ የጸጉር ማሽኑ ብቻ ነበር የሚያጉረመርመው።
«በአራቱም ፍጻሜ» አለ፣ «ዐሥራ አንድ ደቂቃ
ነው የተሰለፍሁት። ፎጣ አቀበልሁ፣ በቃ።
ክሊዮፈስን ግን አንዴ ያዝ ተብዬ ነበር፣ ስድስት ደቂቃ ሙሉ፤
እስካሁን እፈልገዋለሁ፣ በየት እንዳለፈኝ፣ በየት በኩሉ።»

ታልማጅ ቀለበቱን በጣቱ ለካና፣
ሰፋው። መለሰው። «ቢሆንም…» አለና፣
«ቀለበት ቀለበት ነው።»
ሳቅን። ሆሊስም ሳቀ።
ተቆረጠ፣ ከፈለ፣ ለእኔም ጉርሻ ሰጠኝ፣ ሄደ።
በዚያ ዕለት ከመስታወቱ ማንም አልወጣ፣ ማንም አልወረደ።

ማታ ቤቱ ሲዘጋ ጨርቄን አርሳለሁ፤
አንደኛውንም፣ ዐሥረኛውንም እኩል አብሳለሁ።
ጨርቅ ምን ያውቃል?
ግን አባቴ ለሰኞ ፎጣ ሲቀቅል ከጓዳ
እንፋሎቱ ይመጣል፣ መስታወቱን ሊጎበኝ እንደ እንግዳ፤
ያኔ የጠፉት ሁሉ ይመለሳሉ፣
የስንት ዓመት ቅዳሜ፣ ስም በስም ላይ ተደርቦ፣
ሦስተኛው በሰባተኛ፣ አንደኛው በማንም ተከቦ፤
ማን ከማን በላይ እንደሆነ ለዐይኔ አይለይም።

በጣቴ አንድ ክብ ሣልሁበት፣ መሀል ለመሀል።
ለአፍታ ቆየ። ከታች በኩል ውኃ ሆነ፣ ወረደ።
መብራቱን አጠፋሁ።
ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።