አግዳሚ

በሒርማታ ማዶ፣ ከአዌቱ ድልድይ ዳር፣
የቆርቆሮ መጋዘን አለ፤ ቁልፉ እኔ ጋ የሚያድር።
ሠላሳ አግዳሚ፣ ሁለት ድንኳን፣ ሰባት ጎላ ድስት፣
በኔ ፊርማ ወጥቶ በኔ ፊርማ የሚገባ የእድር ንብረት።

አንድ አግዳሚ ስድስት ሰው ይችላል፤
ከተጠጋጉ ሰባት፤ ልጅ ከታቀፉ ስምንትም ይሆናል።
ይህን የሚያውቀው እንጨቱ ነው፣ የዋንዛ እንጨት፣
ሃያ ዓመት ሰው ተቀምጦበት የለዘበ እንደ መስታወት።

ከዚያ ያ ቃል መጣ፦ «ከአራት በላይ አትሰብሰቡ።»
መጋዘኑን ቆለፍኩ። አይጦች ገቡ።
ዝናቡ እንደ ልማዱ ቆርቆሮውን ደበደበ፤
ሞትም እንደ ልማዱ መጣ፤ ለቀስተኛ ግን አልተሰበሰበ።

የወይዘሮ ሸምሲያ ለታ መቃብር የወረዱት ሰባት፤
ስምንተኛው እኔ ነኝ፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ሳልቆጠር የቆምኩት።
ልጇ ነዚፋ፣ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ከነጋውኗ መጣች፤
እናቷን ከሁለት ሜትር ርቃ ተሰናበተች።
ጎረቤት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ከበር መልስ።
በስልክ የተላከ ለቅሶ ይደርሳል? አይደርስ?

በመጋቢት ደብዳቤ መጣ፤ ማኅተሙ ደብዝዞ፦
«መሰብሰብ ይቻላል፤ በርቀት፣ በጭምብል፣ ሳሙና ይዞ።»
አባ ፊጣ፣ ሊቀመንበራችን፣ አነበቡት ሁለት ጊዜ።
«በቃ» አሉ፣ «ከነገ ጀምሮ እንደ ድሮው! እስከ መቼ በትካዜ?»
ነዚፋ ከጥግ ተነሣች፦ «አይሆንም፤ በረድፍ ነው፣ በልክ።
ራብ የሰነበተበት ሆድ በአጥሚት ነው የሚፈታው፣ እንዳይታወክ።»
ጣሃ ባለባጃጁ፦ «የኛዋ እንቁላል እግር እስክታወጣ አረጀን፤
አሁን ደግሞ ጫማ ካልገዛንላት ልትይን?»
ሳቅን። በጭምብል ውስጥ ሳቅ ሳል ይመስላል፤
ሁሉም ዝም ብሎ ጎረቤቱን ያያል።

በጠመኔ ብናሰምር የጅማ ዝናብ በአንድ ከሰዓት ይጠርገዋል፤
ስለዚህ የበር ቀለም፣ ቢጫ፣ ከሱቅ በዱቤ መጥቷል።
እኔ ብሩሹን ይዤ፣ ክንዷን እንደ ሜትር ዘርግታ ነዚፋ፣
በየእንጨቱ ላይ መስመር አሰመርን፣ አንድ ጣት የሰፋ።
አግዳሚ ስንለው ኖረን፣ ስንቀመጥበት፣ ስንደገፈው፣
ማገድም እንደሚችል የገባን ያኔ ነው።

በመጋቢት ሁለት ሰው። በግንቦት፣ መሐሉን ከፍተን፣ ሦስት።
በሰኔ ከመርካቶ ወገን ሰዎች ታመሙ፤ ወደ ሁለት ተመለስን፣ ያለ ስብሰባ፣ ያለ ጩኸት።
አባ ፊጣ «ወደ ኋላ የሚቆጠር ምን ቁጥር አለ?» ብለው አኮረፉ፤
በማግሥቱ ግን ከጄሪካኑ ፊት፣ እጃቸውን ለመታጠብ፣ ቀድመው ተሰለፉ።

ከተማውም እንዲሁ ነበር የነቃው፣ እንደ እንቅልፋም ልጅ፣ በየአካሉ፤
ጣሃ ከኋላ ሁለት ይጭናል፤ ሦስተኛው ሲመጣ ተሳፋሪዎቹ «ይቅርታ» ይላሉ።
ሐሙስ ገበያ ማር ሻጩ ማቅመሱን ትቶ «እመኑኝ» ይላል፤
ትከሻ ለትከሻ የለመደው ሰጋጅ ክፍተቱን ታግሦ ይሰግዳል።

በጥቅምት፣ አራት ሰው ባግዳሚ ሲፈቀድ፣ ነዚፋ መጣች እኔ ዘንድ።
«ድንኳን አውጣልኝ።» «ለማን?» «ለእናቴ፤ ዓመት ቢያልፍም አንድ።»

ድንኳኑ ተተከለ፤ ምስጥ በበላው በኩል ሰማይ ይታያል።
ሰው በአራት በአራት ተቀመጠ፤ ያላለቀሰው ሁሉ ያለቅሳል፤
ሸምሲያን ብቻ አይደለም፤ የራሱን፣ በስልክ የሸኘውን፣
በመስኮት ያየውን፣ ስሙን ከወረቀት ያነበበውን።
አባ ፊጣ ተነሥተው ከነዚፋ አንድ ክንድ ርቀው ቆሙ፤
«ደረስኩ ልጄ፤ ዘገየሁ እንጂ አልቀረሁም» አሉ፤ ደገሙት፣ ደገሙ።

ዛሬ ስድስቱም ይቀመጣል። ቀለሙን በቢላ ፋቅሁት፤
ከእንጨቱ ሥር ግን አልወጣም፤ ታክቶኝ ተውሁት።
አሁንም ሰው ሲመጣ፣ ሳያውቀው፣ ቢጫው ጋ ሲደርስ
ቆም ይላል ለአፍታ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ፤
ጎረቤቱን በዓይኑ ይጠይቃል፤
«ጠጋ በል» ሲሉት ነው ጠጋ የሚል።