የእርሳስ ግብ

በቫልዲቪያ ዝናብ እንደ ጎረቤት ነው፣
ሳያንኳኳ ይመጣል፣ በቃህ የሚለው የለው።
ቆርቆሮው ሲደበደብ ልጄ ላሳሮ ይረጋል፣
የማንኪያ ኳኳታ ሲሰማ ግን ከጠረጴዛ ሥር ይገባል።
ስድስት ዓመት ሞላው። ቃል ገና አልወጣውም።

ማክሰኞ ማታ ማካሬና መጣች፣
ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ ተቀመጠች፣
ከቦርሳዋ ቅጽ አወጣች፣ እርሳስ ቀረጸች፣
«የስድስት ወር ግብ እንጻፍለት» አለች።

የመጀመሪያው ከማዕከሉ ታትሞ የመጣ ነው፦
«ስሙ ሲጠራ ላሳሮ የጠሪውን ዓይን ያያል፣
ለሦስት ሰከንድ፣ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን።»

ኤራስሞ ሳቀ። ባሌ ወንዙ ዳር ዓሣ ይሸጣል፣
ጣቱን ጨውና ቢላ ተካፍለውታል።
«እኔስ መቼ የሰው ዓይን አያለሁ? ቢላዬን ነው የማየው፤
ዓይን ዓይኔን የሚያየኝ ዋጋ ሊያስቀንስ የመጣ ነው።
እናቴ ስትጠራኝ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር አቤት የምላት፤
ማን ቅጽ ሞላብኝ?»

ማካሬና አልተከራከረችም፤ ሰረዘችው።
«እሺ፣ ኒዲያ፣ ምን ቢችል ነው አንቺን እንቅልፍ የሚወስድሽ?»

ዝም አልኩ። ዝናቡ ትንሽ ተናገረልኝ።
ከዚያ ያለፈው ክረምት ከጉሮሮዬ ወጣ፦

ዘጠኝ ቀን ራሱን ከግድግዳ ሲያላጋ
«ባሕርይ ነው» ብለን ቆጠርን፣ ሲመሽ ስንት፣ ስንት ሲነጋ፤
ሠንጠረዥ ሞላን፣ ቀለም ቀባን።
በአሥረኛው ቀን ትራሱ ላይ መግል አየሁ።
ጆሮው ነበር።
ልጄ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲነግረኝ ነበር ለካ
በሚያውቀው ቋንቋ፣ በግንብ፤
እኔ ንግግሩን እቆጥራለሁ፣ አልሰማውም።
«ዓይኔን አይየኝ» አልኳት። «ሲያመው ብቻ ይንገረኝ።»

ጻፈችው። ከዚያም ቆራረሰችው፣
ለሕፃን አፍ እንደሚቆረስ ዳቦ፦
ካርዱን መንካት።
ካርዱን ማንሳት፣ እጁን ይዘንለት።
ካርዱን ለሰው መስጠት፣ ክርኑን ብቻ ነክተንለት።
ከዚያ ማንም ሳይነካው።

ካርዱ ቢጫ ነው፣ ፕላስተር የተሣለበት።
ኤራስሞ ባየው ቁጥር እጁን ወደ ላይ ያነሳል፦
«ዳኛ፣ ምን አጠፋሁ?»
ላሳሮ አይስቅም። የካርዱን ጠርዝ ያሸታል።

አንደኛ ሳምንት ዜሮ። ሁለተኛው ዜሮ።
በሦስተኛው ነከሰው፤
ማካሬና «ነካው» ብላ ሞላችለት፣
እኔም እንዳላየሁ አለፍኩላት።
የላስቲክ ዳይኖሰሩን እያቆሰልን አከምነው፣
ጅራቱን፣ አንገቱን፣ ሆዱን፣ እንደገና ጅራቱን፤
የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ፕላስተር አለቀበት።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ አርብ ማታ፣
ማካሬና በሌለችበት፣ ቅጹ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ፣
ኤራስሞ ከገበያ ገባ አውራ ጣቱን የዓሣ ክንፍ ተርትሮት።
ለማንም አልተናገረም። እንዲህ ነው እሱ፤
ወንበር ስቦ፣ እጁን ጨብጦ ተቀመጠ።

ላሳሮ ከጠረጴዛው ሥር ወጣ።
የአባቱን ጭብጥ ፈለቀቀ፣ ጣት በጣት፣
ካርዱን መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።
ዓይኑን አላየውም። ቁስሉን ነው ያየው፣
ከሦስት ሰከንድ በላይ፣ ማንም አልቆጠረ።

ኤራስሞ ካርዱን ይዞ ቆየ።
«ዳኛው» አለ። ሌላ ቃል አልመጣለትም።

ማክሰኞ ለማካሬና ነገርናት።
ቅጹን ገለበጠች፣ መለሰች፣ ዓምድ አጣችለት፤
ግቡ የላሳሮ ነው፣ ሕመሙ የአባቱ፣
ስምንት አይባል፣ አንድም አይባል።
እርሳሷን ለእኔ አቀበለችኝ።
ከኅዳጉ ላይ፣ በመጥፎ ጽሕፈቴ፦
ግብ ጻፍንለት፤ ገባው።
እኛን ነው ገና ያልገባን።

የራሱ ሕመም ላይ ሁለት ከአሥር ነን።
እርሳሱ አጥሮ በጥፍር የሚያዝ ሆኗል።
እኔም ገና፣ ሌሊት ሌሊት፣
ትራሱን እዳብሳለሁ፣ ደረቅ መሆኑን።