ስንት ትል ሞተበት?

በኦካያ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ጠርዙ ገና በረዶ እንደያዘ፣
እናቴ ፉሚኖ መጣች፣ ጣቷን ብርድ እየጠዘጠዘ፤
ካፖርቷን አላወለቀችም፣ ወንበር ብሰጣት አልተቀመጠች፣
«እስቲ ሥራሽን አሳዪኝ» ብላ ወደ ማሽኑ ተጠጋች።

አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር ክር መሳቢያው ቤት ስትገባ፣
ከፈላ ውሃ ፊት ቆማ፣ ፊቷ በእንፋሎት ተከባ፣
ጎጆውን እየቀቀለች፣ የጠፋውን ጫፍ ስትሻ፣
ከአንዲት ትል ምራቅ ሺህ ሜትር ስትስብ እስከ መጨረሻ።
ጣቶቿ ዛሬም ነጭ ናቸው፣ እንደ ተላጠ እንቁላል፤
የሠላሳ ዓመት ውሃ ቆዳ ውስጥ ገብቶ ይውላል።

እሷ የሳበችውን ክር እኔ መልሼ አሟሟሁ፤
ሙጫውን አጥቤ፣ በጨው አቅልጬ፣ እንደ ወለላ አደረግሁ።
ሐር ብቻውን ግን ግትር ነው፣ ሲደርቅ እንደ ቅጠል ይሰበራል፤
ልብ በመታ ቁጥር ለሚነፋ የደም ቧንቧ እንዴት ይሆናል?
ፖሊዩሬቴን ይለጠጣል፣ ተስቦም ወደ ልኩ ይመለሳል፤
ደም ግን «ባዕድ ነው» ይለዋል፣ ይረጋበታል፣ መንገድ ይዘጋል።

ሁለቱን አጋቡ ተባልን። ትዳራቸው ግን ጣጣ፤
ጠዋት አብረው ሟምተው፣ ማታ ሐሩ ለብቻው ወጣ።
ሐያሴ ማማሰያውን አፈጠነ፤ እኔም ጨመርሁበት፤
ሐሩ ብልቃጡ ውስጥ ደነገጠ፣ እንደ እርጎ ረጋበት።
ሰባት ወር። ዘጠና ሁለት ብልቃጥ።
ሁሉም ወደ ቆሻሻ።

ባለፈው መኸር፣ በስልክ፣ ይህን ብነግራት ሳቀች።
«ሐር መታመስ አይወድም፣ ልጄ። ትሏ መቼ ታምሳለች?
ራሷን ወዲያ ወዲህ እያለች፣ ቀስ ብላ ትስባለች።
ክር የሚሆንልሽ ስትስቢው ነው፣ ስትገፊው አይደለም» አለች።

የዚያኑ ማታ ማማሰያውን አጥፍቼ ብልቃጡን አዘነበልሁ፣
በቀስታ፣ ጠብታ በጠብታ፣ አንዱን በሌላው ላይ አወረድሁ።
እስኪነጋ ጠበቅሁ።
አልተለያዩም።
ለሐያሴ ምክንያቱን አልነገርሁትም፤ መዝገቡ ላይ
«የማማሰል ፍጥነት፦ ዜሮ» ብዬ ብቻ ጻፍሁ።

ዛሬ ያንን ነው የምታየው። ከመርፌው ጫፍ ያለችው ጠብታ
በኤሌክትሪክ ተስባ፣ ከዓይን የሳሳ ክር ሆና ተፈትታ፣
ከሚሽከረከረው ዘንግ ላይ ትጠመጠማለች፣ እንደ ጉም።
አውልቄ መዳፏ ላይ አኖርሁት፦
ውስጡ ሦስት ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ እንደ ትንሿ ጣት።
ገና በበግ አንገት ነው የሚፈተነው፤ ለእሷ እግር አይደርስላት።
ይህንንም ታውቃለች። ሐኪሙ ነግሯታል፤
ነግሯት ስትወጣ፣ ባቡር እስኪመጣ፣ የተጠበሰ ድንች በልታለች።

በሁለት ጣቷ ሳበችው። ለቀቀችው። ወደ ጆሮዋ አስጠግታ አሸችው።
«እንደ ሐር አይጮህም» አለች።
ቀጥላም፦ «ስንት ትል ሞተበት?»

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ ከጉባኤ፣ ከገምጋሚ፣ ከገንዘብ ሰጪ።
በልቤ አሰላሁ።
«አንድ» አልኋት።

ከአሮጌው ፋብሪካ ጀርባ ለሞቱት ትሎች የቆመ ድንጋይ አለ፤
በየዓመቱ ከባልደረቦቿ ጋር ትሰግድለታለች፣ ከቀሩት ጋር።
በመስኮቱ ወደዚያ ዞራ ጎንበስ አለች፣ ስለ አንዱ።
ቀና ስትል፦
«ያኛውስ? የሚለጠጠው? እሱ ከምን ሞተ?»

«ከነዳጅ ነው፣ እማዬ።»
«ነዳጁስ?»
«ከጥንት ባሕር። ከጭቃ ሥር ከቀሩ፣ በዓይን ከማይታዩ ነፍሳት።»
«እነሱም ሞተዋላ።»

ብትሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።
ያበጠ እግሯን ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ፣
በመስኮቱ በኩል ሳይሆን ወደ ወለሉ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጥልቁ፣
ደግማ ጎነበሰች፤ ቆየች።

ማሽኑ መሳቡን አላቋረጠም።