ራሱ የሚገለጥ ገጽ

ሊቪዮ ኮሹታ መጽሐፍ ይሰፋል እንጂ አያነብም፤
ጫማ ሰፊ በሰፋው ጫማ ሰርግ ቤት አይገባም።
ትሪየስቴ፣ ከወደቡ በላይ፣ ከጠባቡ ዳገት ዳር፣
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ከሙጫ፣ ከመርፌ፣ ከክር ጋር።

አንድ ነገር ግን ያውቃል፣ ማንም ሳያስተምረው፦
ልብ ወለድ ሲያረጅ አንድ ቦታ አለው፣ ጀርባው የሚሰበረው።
በጀርባው አቁመህ ቀስ ብለህ ብትለቀው፣
ማንም ሳይነካው ይገለጣል፤ ገጹን ራሱ ነው የሚያውቀው።
እዚያ ገጽ ላይ የጣት ወዝ አለ፤ የደረቀ ጠብታ፣
አንድ ሽፋሽፍት፣ ያለፈበት የትራም ቲኬት በዕልባት ፈንታ።
«እዚህ ጋ ባለታሪኩ ነገሩ ገብቶታል» ይላል፤
ስብራቱን እንደ ወጌሻ ዳብሶ፣ ሙጫውን ይቀባል።
ንጉሥም ይሁን ሌባ፣ ሙሽራም ትሁን መበለት፣
የነቁት በጊዜ ይሁን ከረፈደ፣ ለሱ ያው ስብራት።

በየካቲት፣ ቦራ የሚሉት ነፋስ በነፈሰ ለት
(ያ ነፋስ ሲመጣ ከተማው በየጥጉ ገመድ ይወጥራል፣
ሰው ገመዱን ጨብጦ፣ ጎንበስ ብሎ ቤቱ ይገባል)
ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንድ ካርቶን መጣለት።
ሦስተኛው መጽሐፍ፣ ሽፋኑ አረንጓዴ፣
ገና ከእጁ ሲወርድ ተገለጠ ባንዴ።
ገጽ መቶ ሰማንያ ሦስት።
ነፋሱ ሽቦ በጠሰ፤ ሙጫው በረደ፤ እጁ ሥራ ፈታ፤
መስኮቱ ጋ ሄዶ፣ በቀን ብርሃን፣ አነበበ ላፍታ።

ኤርሚኒያ የምትባል ሴት፣ የመብራት ቤት ጠባቂ ሚስት፣
ማታ ማታ ፖም ትልጣለች።
ባሏ ዐይኑን ከጋዜጣው ሳይነቅል እጁን ይዘረጋል፤
ሥጋውን ቆርጣ ታቀብለዋለች፤
እጁ ይመለሳል፣ ይመጣል፣ ይመለሳል፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት።
በዚያች ማታ ልጣጩን ወደ አፏ ስትወስድ
ልብ አለች፦
የፖም ሥጋ ምን ምን እንደሚል አታውቅም።
ቢላዋው ቆመ።
ከዚያ በኋላ ገጹ ስለ ባሕር ያወራል።

ሊቪዮ ፈገግ አለ። ለዚህ ነው እንዴ ይህ ሁሉ ሰው ያለቀሰው?
ለፖም ነው እንዴ ይህን የመሰለ ጀርባ የፈረሰው?
ሊከድነው ሲል፣ ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣
አንዲት ቃል አየ፣ የደበዘዘች፣ ለመጥፋት ስትደርስ።

«እኔም።»

የፊደሉ ጅራት እንደ ዓሣ መንጠቆ የታጠፈ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ፦
«ጨው አልቋል»፣ «ሐኪም ጋ ነኝ»፣ «ሾርባው ምድጃ ላይ ነው»።
የኔሪና ጽሕፈት። የሚስቱ። ሊሳሳተው ቢፈልግም የማይችለው።

ፖም ትወድ ይሆን? አሰበ። ምን ትወዳለች? አሰበ።
ነፋሱ የጎረቤቱን ቆርቆሮ እንደ ባለዕዳ ደበደበ።
በእራት ሰዓት ፊቷን፣ የምትቀመጥበትን ጎን ሊያስታውስ ሞከረ፤
የሚመጣለት ግን የገዛ ሳህኑ ብቻ ነበረ።

የጥራዝ ወግ ነው፣ አሮጌ ጠርዝ ይከረከማል፤
ሦስት ሚሊሜትር። ቃሉም ከብናኙ ጋር ይጠረጋል።
ሆድ ይፍጀው።
መጽሐፉን ከመቁረጫው ሥር አስገባ፤ እጀታውን ያዘ።
መብራት መጥቶ፣ ሙጫው ሞቆ ነበር፤ ክንዱ ግን ደነዘዘ።
(ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ በአንድ ጎኑ ጠርዙ አልተስተካከለም፤
ቤተ መጻሕፍቱ ቅሬታ ጽፏል። መልስ አላገኘም።)

ማታ፣ ገመዱን ጨብጦ፣ ዳገቱን ወጥቶ ገባ።
እራት ተበላ። ዜናው አለቀ። ፖም ቀረበ።
ኔሪና ልጣ ስታቀብለው፣ ሥጋውን እዚያው ትቶ፣
ከሳህኗ ዳር ልጣጩን አነሳ፣ እጁን ዘርግቶ።
አኘከው። ይጎመዝዛል። ሰም ሰም ይላል።

ቀና አለች። ምን ሆነህ ነው ብላ አልጠየቀችም።
ረጅም ጊዜ አየችው። «ሊቪዮ» አለች፣ «አንተ እኮ አታነብም።»

ቢላዋው እጇ ላይ ነበር።
ውጭ ቦራ የማን እንደሆነ ያልታወቀ መስኮት
ይከፍታል፣ ይዘጋል።